ሦስት ሹራብ ለብሶ ደንገጎ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞተረኛ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ያልብሃል፤ በሞተር ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ስትወጣ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረማያ ደግሞ 2,000 አካባቢ። በዚህ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር፣ በተለይ በማለዳ፣ ብርዱ ይብሳል። ብዙ ሰው ታዲያ ሹራብ መጨመር ነው የሚቀናው። ቆይ! መጀመሪያ ሞተሩን ዳር አቁምና እጅህን ከሹራቡ ስር ወደ ጀርባህ ስደድ።

ጀርባህ ረጥቧል?

ካናቴራው ወገብህ ላይ ተለጥፎ ካገኘኸው ያንቀጠቀጠህ ላብህ ነው። ያለህን ሁሉ ደርበህ ከቤት ወጣህ፣ ከተማው ውስጥ እየተንቀራፈፍክ አላበህ። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ላቡ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን የሚወስደው ከገላህ ነው። ከላይ ሌላ ሹራብ ብትጨምርም ከውስጥ ያለው እርጥብ እርጥብ ነው።

ከስር የኳስ ማሊያ ልበስ። ፖሊስተር እንደ ጥጥ ውሃ አይቋጥርም፣ ቶሎ ይደርቃል። ሹራቡን ከኋላ እሰረውና ዳገቱ ላይ መብረድ ሲጀምር ልበሰው። ትርፍ ማሊያ በፌስታል መያዝም አይከፋም።

ጀርባህ ደረቅ ሆኖ ደረትህና ጉልበትህ ቀዘቀዘ?

ይሄ ንፋስ ነው። ሹራብ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል በሚይዘው አየር ነው፤ ንፋስ ያንን አየር ጠርጎ ይወስደዋል። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ ፊትህ ላይ የሚሰማህ ብርድ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ከሦስት ሹራብ አንድ ሹራብና ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይሻላል። ሰልባጅ ተራ ስትመርጥ ጨርቁን አፍህ ላይ አድርገህ ንፋበት። ትንፋሽህ በወዲያኛው በኩል እጅህን ከነካው ተወው። ጃኬት ከሌለህ ደረትህ ላይ፣ ከላይኛው ሹራብ ስር፣ የታጠፈ ጋዜጣ አድርግ፤ ሰው ይስቅብህ እንጂ ይሠራል። ፌስታል ከውስጥ መልበስ ግን ላቡን ያፍነዋል።

ለጉልበት ከጂንሱ በላይ የዝናብ ሱሪ ይበቃል። አንገትህን በሻርፕ ጠቅልልና ጫፉን ጃኬቱ ውስጥ ክተተው፤ ተንጠልጥሎ ጎማ ከያዘው ጉድ ይፈላል።

ጣትህ ብቻ ደነዘዘ?

ሁለት ጠባብ ጓንት ደርበህ ይሆናል። ሲጨመቅ ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ ሙቀት የሚይዝ አየርም አይኖርም። አንድ ሰፋ ያለ ይሻላል። ካልሲም ያው ነው፤ ጫማ ውስጥ ጣቶችህን ማንቀሳቀስ ካቃተህ አንዱን አውልቅ። ጓንቱ ደህና ከሆነ ወደ ደረትህ ተመለስ፤ ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከጣት ይሰበስባል።

ፍሬን መጨበጥ ካስቸገረህ ወዲያው ቁም። እጅህን ብብትህ ውስጥ አሙቅ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ የሚያሞቁ አሉ፤ የደነዘዘ እጅ መቃጠሉን አያውቅም።

ምላስህ ከተሳሰረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ መንዳቱን እዚያው አቁም። ሰው ጥራ፣ ቤት ግባ፣ ደረቅ ልብስ ቀይር፣ ጣፋጭ ሻይ ጠጣ። ካልተሻለህ ሐኪም ቤት ይውሰዱህ።

ወደ ድሬ ስትመለስ ሹራቡን ሳያልብህ አውልቀው። ጃኬቱን ግን ቢሞቅህም ከፈት አድርገህ ልበሰው፤ ብትወድቅ አስፋልቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ክርንህን ነው።