የሸኖ ቅቤ ፊልትሮ ውስጥ፦ ከአሮጌ ዘይት ነዳጅ እንዴት እንደምሠራ

ሂሉክሴ ከመጀመሪያ ልጄ ዕድሜ ይበልጣል። ባለ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ነው። ኮምፒዩተር የለው፣ ሴንሰር የለው፣ ሆደ ሰፊ ነው። ነገሩን የጀመርኩት ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ደጃፍ ተሰልፌ ባደርኩበት ሳምንት ነው። ሳሪስ ካለው ጋራዤ አጠገብ ችፕስ የምትጠብስ ልጅ አለች። በየሦስት ቀኑ ጥቁር ዘይት ቦይ ውስጥ ስትደፋ አያለሁ።

«እስቲ አትድፊው፣ ለኔ አስቀምጪልኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ለምን ሊሆንዎት ነው?»

«ለመኪና» ስላት ሳቀችብኝ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ብዙ ሰው እየመጣ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ካሊፎርኒያ ያለው ወንድሜ ከማደያ የሚሞላው «ታዳሽ ናፍጣ» እና እኔ ጓሮ የምሠራው አንድ አይደሉም። ያኛው የትልቅ ፋብሪካ ሥራ ነው። እንደ ፊንላንዱ ኔስቴ ያሉት የተጣለ ስብና ዘይት ሰብስበው ከ300 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ከሃይድሮጂን ጋር ያገናኙታል። ስቡ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወጣና ከተለመደው ናፍጣ ብዙም የማይለይ ነገር ይቀራል። ያንን ቤቴ ልሞክር የሚል ካለ አስቀድሞ ኑዛዜውን ይጻፍ። የእኔ ባዮዲዝል ነው። ዘይት በኮስቲክ ሶዳ (ሳሙና በሚሠራበት ሶዳ) አማካይነት ሜታኖል ከሚባለው አልኮል ጋር ሲገናኝ ለሁለት ይከፈላል። ከባዱ ግሊሰሪን ይዘቅጣል፣ ቀጭኑ ነዳጅ ከላይ ይቀራል።

«ዘይቱን አጣርቼ ዝም ብዬ ብጨምረውስ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። ግን ጥሬ ዘይት ወፍራም ነው። ውሎ አድሮ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል በጥላሸት ይደፍነዋል። ኖዝልና ፖምፓ ማሠራት ስንት እንደሚያስወጣ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ዘይቱን ለብ አድርጌ በአሮጌ ነጠላ እጥፍ አጠልለዋለሁ። የድንች ፍርፋሪና የተቃጠለ ሊጥ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። በትንሽ ብረት ድስት ጥቂት ዘይት አስቀምጬ አሞቃለሁ። ከተንጣጣ ውሃ አለው። ያኔ በርሜሉን እስከ 60 ዲግሪ አሙቄ፣ ሸፍኜ አሳድረውና ከሥር የተጠራቀመውን በቧንቧው እለቀዋለሁ። ካስፈለገ እደግመዋለሁ፣ ድስቱ ላይ ዝም እስኪል ድረስ። በርሜሉ የጥቁር ብረት ይሁን። አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ በሶዳ ይበላል።

ሁለተኛው ጠላት አሲድ ነው። ዘይት በተጠበሰ ቁጥር ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ ዘይት የምትጨምሩትን ሶዳ ይበላና ሳሙና ይሆናል። የመጀመሪያ ሥራዬ እንዲህ ነው የሄደው። ከሳምቡሳ ቤት ያመጣሁትን 40 ሊትር ሳልመረምር ቀላቀልኩት። ጠዋት በርሜሉን ስከፍት ገንፎ ሆኗል። ማንኪያ ቢተከልበት ይቆማል። ባለቤቴ መጥታ አየችውና «ቅቤና በርበሬው ብቻ ነው የቀረው» ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ምርመራውን ረጋ ብላችሁ ሥሩ። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የባትሪ ውሃ በጥብጡ። የባትሪ ውሃ ነው ያልኩት፣ የባትሪ አሲድ አይደለም። በትንሽ ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ቅዱ፣ እርድ የተዘፈዘፈበት አልኮል ጥቂት ጠብታ ጨምሩበት። አዎ፣ የአልጫው እርድ። ቢጫ ይሆናል። በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩና በደንብ በጥብጡ። ከዚያ የሶዳውን ውሃ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ። እርዱ ብልጭ ብሎ ይቀላና ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። አትቸኩሉ። ወደ ቀይ ሸክላ መልክ ሄዶ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ አለቀ። ስንት ሚሊ ሊትር ጠጣ? የጠጣው ቁጥር ላይ 3.5 ደምሩ። ለአንድ ሊትር ዘይት የሚያስፈልገው የሶዳ ግራም እሱ ነው። የችፕሷ ልጅ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ 2 ይጠጣል። 3.5 ሲደመር 5.5 ግራም። ለ40 ሊትር 220 ግራም። ከ5 በላይ ከጠጣ ለሳሙና ሠሪዎች ስጡት፣ አትታገሉት። አሲዱን በሰልፈሪክ አሲድ ቀድሞ መቀነስ የሚባል ዘዴ አለ። ጋራዥ ያለው የባትሪ አሲድ ግን ውሃ የበዛበት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ሜታኖሉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሜታኖል ሲያዩት ካቲካላ ነው። ቢጠጡት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በቆዳም ይገባል። ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ሜታኖል በከፈትኩበት ቀን እኛ ግቢ ቡና አይፈላም። ከሰል የለ፣ ዕጣን የለ፣ ሲጋራ የለ። ጀሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም የራስ ቅል ስዬ ቆልፌበታለሁ። የማዘጋጀውም ደጅ ነው፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ። የጎማ ጓንት፣ መነጽር፣ አጠገቤ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ። ሶዳ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፣ ዓይን ከሆነ ከዚያ ሐኪም ቤት።

መጠኑ ለ1 ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ነው። ለ40 ሊትር 8 ሊትር። ሶዳውን ወደ ሜታኖሉ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ ሜታኖሉን ሶዳ ላይ አታፍስሱ። በራሱ ይሞቃል። በጀሪካን ዓይነቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይሁን። እርጥበት ስቦ የተጓጎለ ሶዳ አይሠራም፣ አዲስ ግዙ።

ከበርሜሉ በፊት ሁሌ በ1 ሊትር እሞክራለሁ። በትንሽ ጀሪካን ለብ ያለ ዘይትና ድብልቁን አገናኝቼ እንደ እርጎ እንጠዋለሁ። ማግስቱን ሁለት ንጹሕ ንብርብር ካየሁ ወደ ትልቁ እገባለሁ። ካላየሁ የጠፋው አንድ ሊትር ብቻ ነው።

የውጭ መመሪያዎች ዘይቱን 60 ዲግሪ አሙቁ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ እንዳትሰሟቸው! ሜታኖል ባሕር ጠረፍ ላይ የሚፈላው በ64.7 ዲግሪ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጠን ውሃው እንኳ በ92 ገደማ ይፈላል። ሜታኖሉ ደግሞ 58 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ይህን ያወቅኩት ክዳኑ ሲያፏጭብኝ ነው። ስለዚህ 50 ላይ እሠራለሁ፣ ጊዜውን አረዝማለሁ። ዘይቱን በቦይለር ማሞቂያ አሙቄ መብራቱን ከነቀልኩ በኋላ ነው ድብልቁ የሚገባው። ከዚያ ክዳኑ ይታሰራል። እንፋሎቱ ማምለጫ እንዲያገኝ ቀጭን ቱቦ ከክዳኑ ወደ ግቢው ጥግ ዘርግቻለሁ። የማማሰያው ዘንግ ከብስክሌት ፔዳል ጋር የተያያዘ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ፍንጣሪ ስላለው እንዳይጠጋ ብዬ ነው። የጋራዡ ረዳቶቼ በየተራ ሁለት ሰዓት ይነዳሉ፣ በርሜሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሙቀቱን ይይዛል። አንዱ ረዳቴ «ጋሼ፣ አሁን ናዝሬት ደርሻለሁ» ይለኛል።

ግሊሰሪኑ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። አሳድሩት፣ ግን ጠዋት ለብ ሳይል እንዳትከፍቱ። በኮስቲክ ሶዳ የተሠራ ግሊሰሪን ሲበርድ ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋል። ጥቁሩ ካለቀ በኋላ የማር ቀለም ያለው ሲመጣ ዝጉ። አሁን ፈተና አለ። 27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ላይ ከነዳጁ 3 ሚሊ ሊትር ጠብ አድርጉና ነቅንቁ። ጥርት ብሎ ከሟሟ አልቋል። ከሥር የዘይት ነጠብጣብ ከቀረ ዘይቱ ገና አልተለወጠም፣ በጥቂት ሜታኖልና ሶዳ ይደገማል።

ማጠቡ አሰልቺ ነው። ለብ ያለ ውሃ በአትክልት ማጠጫ ከላይ እንደ ካፊያ ይወርድበታል። መጀመሪያ አትበጥብጡት፣ ወተት ይሆንና ቀኑን ሙሉ ይይዛችኋል። ሦስት አራቴ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ከዚያ አፉን ከፍቼ ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። በጠርሙስ ቀድቼ ጋዜጣ ላይ ሳስቀምጠው ጽሑፉ በነዳጁ ውስጥ ከተነበበ ደርቋል።

ወደ መኪናው ስትመጡ በ20 በመቶ ጀምሩ፣ ቀሪው የማደያ ናፍጣ። ባዮዲዝል የታንከሩን የዓመታት ቆሻሻ አጥቦ ስለሚያመጣው የመጀመሪያው ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል። መለዋወጫ ያዙ። የጥንት የጎማ ቱቦዎችን ያለሰልሳል፣ እኔ ሁሉንም ቀይሬያለሁ። ኮመን ሬል (ነዳጁን በኮምፒዩተር እየታዘዘ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ሥርዓት) ያለው አዲስ መኪና ላይ ግን የጓሮ ነዳጅ አትሞክሩ። ለናንተ ሳይሆን ለፖምፓው አዝኜ ነው።

ብርዱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው። ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያድረውን ታውቁታላችሁ። ከሱ የተሠራ ነዳጅም ባሕርይውን አይተውም፣ 15 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል። ይህን እያወቅኩ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ግማሽ በግማሽ ሞልቼ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ሸኖ ልደርስ ስል መኪናው ተንፈራግጦ ቆመ። ፊልትሮውን ፈትቼ ባየው ውስጡ ነጭ፣ ልስልስ ያለ ነገር ሞልቶታል። የሸኖ ቅቤ! ፀሐይ እስክትወጣ ሦስት ሰዓት ጋቢ ለብሼ ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ከጥቅምት እስከ ጥር ከ10 በመቶ አላልፍም። የኑግና የሱፍ ዘይት ካገኛችሁ ብርዱን ይችላሉ። ኑግ ግን ቶሎ ይበላሻል፣ አታስቀምጡት።

ስለ ሞራ የሚጠይቁኝም አሉ። ትኩስ ከሆነ፣ ቀልጦ ከተጠለለ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ብርድ ላይ ግን ከፓልምም ይብሳል። ለቆላ ሰው ይሁን። ጉሎ ነዳጁም ወፍራም ስለሚሆን ብቻውን አይሆንም፣ ለምጣድ ይቅር። በሚሌኒየሙ ሰሞን ብዙ የተወራለት ጃትሮፋ፣ አይደርቄ የምንለው፣ ዘይቱ ይሆናል። ፍሬው መርዝ ስለሆነ ልጆች ካሉበት ግቢ ይራቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፦ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ፣ እርዱ ስንት እንደጠጣ፣ ስንት ሊትር እንደወጣ። የኔ የባለፈው ሳምንት መስመር እንዲህ ይላል፦ «የችፕሷ ልጅ፣ 2፣ ጥሩ። ሳምቡሳ ቤት፣ 6.5፣ ለሳሙና ተላከ።»