ወረርሽኝና የሥራ መቀዛቀዝ ሲደራረቡ የጫኝና አውራጅ ማኅበር አባላቱን እንዴት ይደግፍ?

በደብረ ብርሃን መጋዘኖች ዙሪያ በጫኝና አውራጅነት የሚተዳደር ሰው እንጀራው የተንጠለጠለው በሚመጣው መኪና ላይ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ ሲዘገይ ወይም ፋብሪካ ምርቱን ሲቀንስ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱን ነው። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ በሽታውና ሥራ ማጣቱ አብረው ስለመጡ፣ የማኅበራት ኮሚቴዎች ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መዘጋጀት አለባቸው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከመዋጮው ነው። 60 አባላት በሳምንት 20 ብር ቢያዋጡ በስድስት ወር ከ31,000 ብር በላይ ይጠራቀማል። ነገር ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚከፋፈልበት ደንብ ይበልጣል፤ ደንቡም ችግሩ ሳይመጣ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ መያዝ ይኖርበታል። እኔ ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ማኅበር ደንብ ስላልነበረን፣ ሥራ በጠፋ ሰሞን ያለውን ሁሉ ለአባላት እኩል አካፈልን። በወሩ አንድ ባልደረባችን ታሞ ሲተኛ ለመድኃኒት የምንሰጠው አንዳች አልነበረንም። ስለዚህ ከተጠራቀመው ግማሹ ለሕመም ብቻ ይቀመጥ፤ ቀሪው ለሥራ ማጣት ሲከፈልም የልጆችና የጡረተኛ ወላጆች ብዛት ይታይ። የወጪ መዝገቡን ገንዘብ ያዡ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሁለተኛ ሰውም ይፈርምበት፤ በየወሩም ለአባላቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ቀጥሎ አባላቱ በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ ይለይ። ተደራጅተው በኩንታል ሒሳብ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ አሠሪ የላቸውምና ዋስትናቸው ይኸው መዋጮ ነው። በቅጥር ላይ ያሉት ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጠበቃሉ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ፈቃድ እንጂ ክፍያ የላቸውም። እንግዲህ ለእነዚህ አባላት የማኅበሩ ድጎማ ከሁለተኛው ወር ቢጀምር ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ቦታ ይደርሳል።

አሠሪው ሥራ ቀዝቅዟል ብሎ ሠራተኛ ሊቀንስ ሲነሣ ኮሚቴው የተዘጋጀ የስም ዝርዝር ተቀብሎ መመለስ የለበትም፤ ሕጉ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከርን ያዛል። ችሎታቸውና የሥራ ውጤታቸው ከፍ ያለው ይቆያሉ፤ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የሚቀነሰው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ሲሆን፣ ነፍሰ ጡሮች የመጨረሻዎቹ ናቸው። አሠሪው በገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራ ለጊዜው ቢያግድ ደግሞ ሁኔታውን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። በእኔ እምነት ከቅነሳ በፊት የሥራ ሰዓት ተቀንሶ ሁሉም እንዲቆይ መጠየቅ ይሻላል፤ ነገር ግን ስምምነቱ የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ካልተጻፈበት ጊዜያዊ የተባለው ቋሚ ይሆናል።

በጭነቱ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ልማድን መለወጥ ይጠይቃል። ሲሚንቶ ስናወርድ ራሳችን ላይ የምንደፋው ጆንያ በላብ እንደራሰ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይውላል፤ ውኃም በአንድ ጣሳ ይጠጣል። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ አባል የራሱን ጆንያና ኩባያ ይግዛ፤ አባላቱንም አምስት አምስት ሆነው ሳይቀያየሩ በሚሠሩ ቡድኖች ይከፋፍል። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ቢታመም የሚያርፈው የእሱ ቡድን እንጂ ሥራው በሙሉ አይቆምም።

ታሞ የተመለሰ አባል የሥራ ተራውን ከተቋረጠበት ይቀጥል እንጂ ከወረፋው መጨረሻ አይሰለፍ፤ ተራው እንዳያመልጠው የፈራ ሰው እየሳለም ቢሆን ይሸከማልና።