ለትንሽ ልጅ የገና ዱላ እንዴት ይሠራል? ከቁልቢ እስከ ገና ባሉት አሥር ቀናት

ድሬዳዋ ላይ የገና ሽታ የሚጀምረው በቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ መኪናው ሁሉ የደንገጎን ዳገት ይያያዘዋል። ገብርኤል ካለፈ ገና አሥር ቀን ቀረው ማለት ነው። በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ገና 28 ላይ ስለሚውል አንድ ቀን ያንሳል። እኔ ለልጄ የገና ዱላ የምጀምረው የቁልቢ ዕለት ነው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ከዱላው ይልቅ የሚወደው አብረን የምንሠራበትን ጊዜ ይመስለኛል፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

መጀመሪያ እንጨት። እኛ ግቢ ዘይቱና አለ፤ ከእሱ እንቆርጣለን። ዘይቱና እርጥቡን ሲያጥፉት እሺ ይላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጠንካራ ነው። ኒም በየቦታው ስላለ ሞክሬው ነበር፤ ሁለቴ እጄ ላይ ተሰበረብኝ። ወይራ ግሩም ነው፣ ግን ለትንሽ ልጅ እጅ ይከብዳል። የከዚራ ሰፈርን የመንገድ ዳር ዛፎች እባካችሁ አትንኩ፤ ጥላቸው የሁላችንም ነው። ጎረቤት ዛፍ ካለው ጠይቁ፣ አንድ ቅርንጫፍ የሚከለክል የለም።

ውፍረቱ የእናንተን አውራ ጣት ያህል ይሁን። ርዝመቱን በልጁ ለኩ፦ ቆሞ ከመሬት እስከ ወገቡ፣ ከዚያ ለሚታጠፈው ጫፍ አንድ ስንዝር ጨምሩ። ራሱ ጎብጦ ያደገ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ እሰየው! ማጠፉን ዝለሉትና በቀጥታ ወደ ማድረቁ ሂዱ።

ከባዱ ነገር ማጠፍና ማድረቅ ነው።

ቅርፊቱን አትላጡት። እንጨቱን ባልዲ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ከሰል አያይዙና ነበልባሉ ሲጠፋ፣ ላዩ አመድ ሲለብስ፣ የሚታጠፈውን ጫፍ ረመጡ ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁት። ልጁ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቅርፊቱ ማላብ ሲጀምር፣ የተቆረጠው ጫፍም አረፋ እያወጣ ሲንጫጫ ደርሷል። ከጠቆረ አልፏል፤ ሌላ ቁረጡ።

በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ወዲያው የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ አጉብጡት። ጣሳው ባዶ ከሆነ ይጨረመታል፤ አሸዋ ሙሉት። በአንድ ጊዜ አትጫኑት። እኔ ልጄን እስከ ሃያ እንዲቆጥር አደርገዋለሁ፤ ሃያ ሲል እንጨቱ ጣሳውን አቅፎ መጨረስ አለበት። ቋ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አቁሙና መልሳችሁ አሙቁት። ሲጎብጥ ጫፉን ከዘንጉ ጋር በሲባጎ እንደ ቀስት ወጥራችሁ እሰሩት። የተቆረጡትን ጫፎች ዘይት ቀቧቸው፣ ቶሎ እንዳይደርቁ።

አሁን የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት የጀመርኩት ዘግይቼ ነበር። አራት ቀን ብቻ ቀርቶኝ ስለነበር ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። የድሬ ፀሐይ ታኅሣሥም ሆኖ ፀሐይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን እንጨቱ ከጉብጠቱ ጀምሮ ወደ ላይ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ቀጭን ስለነበር በፕላስተር ጠቅልዬ ሰጠሁት። የገና ዕለት ጠዋት ልጄ አንዴ እንደመታበት ለሁለት ተሰበረና ስንጣሪው መዳፉ ውስጥ ገባ። ስንጣሪውን አወጣሁለት፣ ደሙም ብዙ አልነበረም። ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ዱላ አልነካም አለኝ። ሌሎቹ ሲጫወቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ያይ ነበር። ያንን ፊቱን አልረሳውም። የተሰነጠቀ ዱላ፣ ስንጥቁ ፀጉር ቢያክል እንኳ፣ ለልጅ አትስጡ።

ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ አናጢ የተሰበረውን ሲያዩ፣ «ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር እንጂ! ፀሐይ ምን አስነካሽው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር ነው የማደርቀው። ቢያንስ ሰባት ቀን። ባለፈው ዓመት በአራተኛው ቀን ብፈታው ግማሹ ተመልሶ ተቃና፤ እንደገና ማሞቅ ነበረብኝ። ከቁልቢ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

በነዚህ ቀናት ለልጁ ሥራ ስጡት። የኔ ልጅ በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ ሲባጎው መላላቱን ያያል። «እማ፣ ዛሬስ ደረቀ?» ይለኛል። አልደረቀም ስለው አያኮርፍም፤ ስንት ቀን እንደቀረ በጣቶቹ ይቆጥራል።

ከሰባት ቀን በኋላ ፍቱት፣ ቅርፊቱን ላጡት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። መፈግፈጉን ልጁ ይችላል።

ሩሯ፣ በዱላው የምትመታዋ ኳስ፣ ቀላል ናት። ትልልቆቹ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ይሠሯታል፤ ለትንሽ ልጅ ግን ጨርቅ ይሻላል፣ ፊት ብትመታ አትጎዳም። የባሌን አሮጌ ሽርጥ በቀጭን በቀጭኑ ቀድጄ፣ እርጥብ አድርጌ፣ ብርቱካን እስክታክል አጥብቄ እጠቀልላለሁ። መሀሏ ድንጋይ አታስገቡ። ቀይ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ በወፍራም ክር ስፏት። ቀይ ያልኩት አሸዋ ላይ እንድትታይ ነው።

መጫወቻው ቦታ ሰፊና አሸዋማ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ ልጅ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ይጫወታል፤ በበጋ እኛም እንወርዳለን። ነገር ግን ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አትውረዱ፤ ከወረዳችሁም ቶሎ ውጡ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከደጋ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ስንቱን ሰው በሌሊት እንደወሰደ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ፀሐዩ እንዳይከብድ ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን።

ሕጉ ለትንንሾች አጭር ነው፦ ሁለት ቡድን፣ ሁለት መስመር፣ ሩሯን በዱላ እየመቱ ከተቃራኒው መስመር ማሳለፍ። እኔ የጨመርኩት አንድ ነው፤ ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሳ ለትንሽ ጊዜ ይወጣል። ለልጄ እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በያዙት ዱላ ተጫወቱ የሚለውን የአባቶች ትረካ እነግረዋለሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውንም አስተምሬዋለሁ፤ ሲሸነፍ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ይለዋል።

ደግሞ አንድ ዱላ ብቻ አትሥሩ። የገና ጨዋታ ልጅ ብቻውን የሚጫወተው አይደለም። እኔ ዘንድሮ አራት ሠርቻለሁ፤ ሁለቱ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። እናታቸው በኢድ ለልጄ ሃልዋ ሳታስቀምጥለት ቀርታ አታውቅም፤ ገና ጠዋት ደግሞ እኛ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዘን እንሄዳለን። ዳቦውን የሚሸከመው ልጄ ነው። በሩን የሚያንኳኳው ግን በዱላው ጫፍ ነው፣ ልጆቹም ድምፁን ስለሚያውቁት ቁርስ ሳይበሉ ይወጣሉ።

ገና ሲያልፍ ዱላውን ዘይት አሽታችሁ ጥላ ያለበት ቦታ አቁሙት። በዓመቱ ለልጃችሁ ያጥርበታል፤ ለታናሹ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይሆናል። የሚቀጥለውን ስትቆርጡ እንደገና ወገቡ ላይ ለኩ።