ጥገኝነት ስትጠይቂ ኬዝሽን የሚያበላሹ ስህተቶች

አንዲት እህታችን እዚህ አሜሪካ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን አደረገሽ?» ተባለች። አንገቷን ደፍታ «አበላሸኝ» አለች። አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ገለበጠው። በእንግሊዝኛው «ሕይወቴን አጠፋው» ዓይነት ነገር ሆነ። ጠያቂዋም ጽፋ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። እኛ ብንሆን ወዲያው ይገባን ነበር። ፋይሉ ላይ ግን የተደፈረች ሴት የለችም። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ በግልጽ ስትናገር የመንግሥት ጠበቃው «ያኔ ለምን አላልሽም?» አላት። እውነቷን ተናግራ ውሸታም መሰለች።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ መሸፈን። «ነካካኝ»፣ «አስቸገረኝ»፣ «ክብሬን ወሰደው» ለጎረቤት ይበቃሉ። እዚህ ግን ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ተብሎ በስሙ መጠራት አለበት። መጀመሪያ ለጠበቃሽ ተናገሪው፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትናገሪው ይቀላል። ሴት ጠያቂ እንድትመደብልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ለቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ ይዘሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ ጉዳይሽ ፍርድ ቤት ከሆነ ግን አስተርጓሚ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው። ታዲያ ነጻ ነው ብለሽ የአጎትሽን ልጅ ይዘሽ እንዳትሄጂ። እሱ ፊት የማትናገሪው ነገር አለ። ኤምባሲው ይሰማል ብለሽም አትፍሪ፤ ማመልከቻሽን ሕጉ በሚስጥር ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው «ትንሽ ልረጋጋ» ማለት ነው። አይ-589 የሚባለው የጥገኝነት ማመልከቻ ፎርም አሜሪካ በገባሽ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። እንደ ከባድ ሕመም ላሉ ምክንያቶች ልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል፤ ማስረጃው ግን ካንቺ ይጠበቃል። ዓመቱ ካለፈም ቤት አትቀመጪ። ወደ አገር እንዳትመለሺ የሚከለክል ሌላ ጥበቃ አለ። መመዘኛው ግን ይከብዳል፣ ግሪን ካርድም አያስገኝም።

ደግሞ ኬዝ የሚሸጡ አሉ። አንዱን ታሪክ ለአምስት ሴት ይቸበችቡታል። ሆን ብለሽ የፈጠራ ታሪክ ማቅረብሽ ከተረጋገጠ የኢሚግሬሽን በር ለዘለዓለም ሊዘጋብሽ ይችላል። የሚያናድደኝ፣ የብዙዎቹ ገዢዎች የራሳቸው እውነተኛ ታሪክ ከተገዛው ይበልጥ ነበር። ፎርሙ ላይ ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለ። «እሱን ተይው» ካለሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ። ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ጠበቃ አይደለም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ወኪል ፈልጊ። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ጥቃት ሸሽተው የመጡ ሴቶችን በነጻ የሚያግዝ ጣሂሪህ የፍትሕ ማዕከል አለ።

የኛ የሐበሾች ልዩ ጣጣ ደግሞ ቀን ነው። «በ2010 ነው የደበደበኝ» ትያለሽ፤ አስተርጓሚው 2018 ይላል። ድብደባው ኅዳር ላይ ከነበረ ግን 2017 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ 8። ከጠዋቱ 3 ሰዓትም 9 ሰዓት ነው። «እህቴ አስጠለለችኝ» ብለሽ ፎርሙ ላይ እህት ከሌለሽ፣ የአክስትሽ ልጅ መሆኗን ማን ያውቅልሻል? በፈረንጅ ከ2005 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ወዲህ ትንሿም መጣረስ ለ«አትታመንም» ልትበቃ ትችላለች። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ከጠበቃሽ ጋር አስታርቂያቸው።

«ደበደበኝ» ብሎ ማቆምም አይበቃም። ጥገኝነት የሚሰጠው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት ለደረሰ በደል ነው። የሴቶች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው በኩል ይገባል። ግርዛትን ሸሽታ የመጣችው የቶጎዋ ፋውዚያ ካሲንጃ በ1996 ያሸነፈችው በዚሁ ነው። የቤት ውስጥ ጥቃት ግን ዕድሉ ይለዋወጣል፤ በ2014 ተፈቀደ፣ በ2018 ጠበበ፣ በ2021 ተከፈተ፣ በ2025 እንደገና ጠበበ። የጓደኛሽ ኬዝ ባምናው ሕግ ስላለፈ የአንቺም ያልፋል ማለት አይደለም።

መንግሥት ለምን እንዳልጠበቀሽም ማሳየት አለብሽ። «አገራችሁ ግርዛትና ጠለፋ በሕግ የተከለከለ አይደለም እንዴ?» ትባያለሽ። ነው፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ላይ አለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ተብለሽ ከተመለስሽ ጣቢያውን፣ ወሩን፣ የተናገረሽን ሰው ማዕረግ ንገሪያቸው። የዚያው ሕግ የአስገድዶ መድፈር አንቀጽ ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸም ድርጊት ብቻ መሆኑን ጠበቃሽ ካላወቀው አስታውሺው።

የመጨረሻዎቹ ቀላል ናቸው። ኢትዮጵያ የቀሩትንም ጨምረሽ ልጆችሽን በሙሉ ፎርሙ ላይ አስፍሪ፤ ከተፈቀደልሽ በኋላ እነሱን ለማምጣት የምታመለክቺበት 2 ዓመት አለሽ። ጉዳይሽ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ቤት በቀየርሽ በ5 ቀን ውስጥ አድራሻሽን አሳውቂ። የቀጠሮ ደብዳቤው ድሮ የተከራየሽበት ምድር ቤት ቢደርስና ሳትቀርቢ ብትቀሪ፣ ዳኛው በሌለሽበት የመባረር ትእዛዝ ይፈርማል።