የልጆቻችሁን የፊልም ዘፈን እንደ መጽሐፈ ኢዮብ አዳምጡት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የዲዝኒን የካርቱን ፊልም የ«ፍሮዝን»ን «ሌት ኢት ጎ» የተባለ ዘፈን በሙሉ ድምፅዋ ዘፈነችው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ ሰማሁት፤ ልክና ስሕተት የሚባል ነገር የለም፣ ሕግም አይገዛኝም የሚል ነው። ደንግጬ ከለከልኳት። ከዚያ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ስትዘፍነው ሰማኋት። ከዘፈኑ ይልቅ ሹክሹክታዋ አስጨነቀኝ፤ ከእኔ መደበቅን ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ከመከልከላችሁ በፊት ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራችሁ እዩት። ዩቲዩብ ዘፈኑን ከታሪኩ ቆርጦ ያቀርበዋል፤ ዘፈኑ ግን የአንድ ገጸ ባሕርይ ንግግር ነው። ለልጆቼ ይህን ያስረዳኋቸው በመጽሐፈ ኢዮብ ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ ያማረ ነገር ይናገራሉ፤ በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ይቆጣቸዋል። ንግግራቸው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለተጻፈ ብቻ ልክ አልሆነም። በዘፈኑም እንዲሁ ጠይቁ፦ ተናጋሪው ማን ነው? መቼ ተናገረው? ከዚያስ ምን ሆነ?

የፊልሙ ንግሥት ኤልሳ ያን የምትዘፍነው ከሰው ሸሽታ ተራራ ላይ ብቻዋን ስትቀር ነው። ነጻ ወጣሁ በምትልበት ሰዓት አገሯ በበረዶ ተይዟል፤ እሷ ግን አላወቀችም። ታሪኩ የሚፈታው እኅቷ አና ራሷን ማዳን ትታ በኤልሳ ላይ በተነሣው ሰይፍ ፊት ስትቆም ነው። ይህ በዮሐንስ 15፥13 ላይ ያለው ፍቅር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስካር ያገኘው የሽሽቱ ዘፈን ነው፤ አና የቆመችበት ትዕይንት ዘፈን የለውም። ልጆች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት የተዘፈነውን ስለሆነ፣ ያልተዘፈነውን እናንተ አንሡላቸው።

ለኤልሳም ፍርድ አትንፈጓት። የሚሰማሽን ደብቂ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። «አንቺስ የምትደብቂው አለ?» ብዬ ልጄን ጠየቅኳት። «በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጠር አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው» አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ! ከልክያት ብቀር ኖሮ ይህን መቼ እሰማ ነበር?

ከዚያ ዘፈኑን በእራት ሰዓት ወደ አማርኛ አስተርጉሟቸው። ዜማው ሲወርድ ሐሳቡ ይታያል። በሌሎች የልጆች ፊልሞች የሚደጋገመው «ልብሽን ተከተይ» የሚለውም በእንግሊዝኛ ጣፋጭ ነው፤ በአማርኛ ተናግረን ኤርምያስ 17፥9ን አጠገቡ ስናነብ ልጆቹ ራሳቸው ዝም አሉ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀልም። የ1994ቱን «ላየን ኪንግ» ስናይ ታላቁ ልጄ፣ «ሃኩና ማታታ ችግር የለም ማለት ነው፤ ጌታስ ለነገ አትጨነቁ ብሎ የለ?» አለኝ። መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የፊልሙ አንበሳ ሲምባ ጭንቀቱን የጣለው ከኃላፊነቱ ጋር ነው፤ እሱ ሲዝናና ወገኖቹ «ስካር» በሚባለው ክፉ አጎቱ አገዛዝ ይራባሉ። ጌታ ግን ከዚያው ቃል ቀድሞ መንግሥቱንና ጽድቁን ፈልጉ ይላል፤ ጴጥሮስም ጭንቀታችሁን ጣሉ ሲል በማን ላይ እንደሚጣል ይናገራል።

ዘፈኑን መሐል ላይ አቁማችሁ አትስበኩ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትንም ተዉአቸው፣ ይጨፍሩ።

መልካሙን ስታገኙ ደግሞ አብራችሁ ዘምሩ። በ1998ቱ «ዘ ፕሪንስ ኦቭ ኢጅፕት» ውስጥ ከግብፅ የሚወጡት ልጆች በዕብራይስጥ የሚዘምሩት ከዘፀአት 15 የተወሰደ ነው። ያው ጸሎት በእኛም ዳዊት መጨረሻ፣ ከመኃልየ ነቢያት መካከል ይገኛል። ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ስንደርስ ፊልሙን አቁሜ የእናቴን ዳዊት ከፈትኩላቸው። ልጄ ጣቷን «ንሴብሖ» (እናመስግነው) በሚለው የግእዝ ቃል ላይ አድርጋ አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው።