አኳማሪን ሲፈዝ፣ ሲሳሳና ሲሰነጠቅ

ምልክት፦ ብልጭታው ጠፍቷል

ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ምንም አልሆነም፤ ቆሽሿል። ሰማያዊው የከበረ ድንጋይ አኳማሪን የሚያብለጨልጨው ከላይ የገባው ብርሃን ከታችኛው ገጹ ነጥሮ ሲመለስ ነው። የእጅ ቅባትና የሳሙና እድፍ የሚጠራቀሙት ደግሞ ማንም በማያየው በዚያው ጀርባው ላይ ነው። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ጥቂት ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከሥሩ በኩል ይቦርሹት። ፊቱን ብቻ መወልወል ከንቱ ድካም ነው። የአልትራሳውንድ ማጽጃ ካለዎት ስንጥቅ ያለበትን ወይም በውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ድንጋይ አይክተቱበት።

ታጥቦም ካልፈካ ጠርዞቹን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በሚመድበው የሞህስ መለኪያ የአኳማሪን ጥንካሬ ከ7.5 እስከ 8 ነው፤ ሰንፔር 9፣ አልማዝ 10። በአንድ ሣጥን አብረው ካደሩ የሚጫረው እርሱ ነው። ድንጋይ ቆራጭ እንደገና ያለስልሰው፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው በከረጢት ይቀመጥ።

ምልክት፦ ሰማያዊነቱ ከቀን ወደ ቀን ሳስቷል

እዚህ ላይ መጠርጠር ተገቢ ነው። የአኳማሪን ቀለም ከብረት የመጣ ስለሆነ ብርሃን አያጠፋውም። አረንጓዴነቱ እንዲለቅ በሙቀት የታከመውም ቢሆን ቀለሙ ጸንቶ ይኖራል። ፀሐይ የሚያሳሳው የቅርብ ዘመዱን ማሺሼን ነው፦ በ1917 እ.ኤ.አ. በብራዚል የተገኘ፣ ጥልቅ ሰማያዊነቱን ከጨረር ያገኘ የቤሪል (አኳማሪንም የሚመደብበት ማዕድን) ዓይነት። በጨረር ቢታከም ቀለሙ ይመለሳል፤ ተመልሶም ይለቃል። ስለዚህ አኳማሪን ተብሎ የተሸጠልዎ ማሺሼ ሊሆን ይችላልና ማጽጃ ሳይሆን ደረሰኝዎን ይፈልጉ።

በአንድ በኩል ደመቅ፣ በሌላው በኩል ውኃ መስሎ ከታየዎት ግን አይደንግጡ። እውነተኛው ድንጋይ ሲያዞሩት ቀለሙን ይለዋውጣል፤ ብርጭቆ ይህን አያደርግም። ከግዝፈቱ ይልቅ ከከበደ ሰማያዊ ቶፓዝ የተባለው ሌላ የከበረ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ቶፓዝ በእኩል ግዝፈት ከአኳማሪን በ30 በመቶ ገደማ ይከብዳል።

ምልክት፦ ቀለበቱ ከተጠገነ በኋላ ድንጋዩ ተሰንጥቋል

ስሙ በላቲን የባሕር ውኃ ማለት ነው፤ መርከበኞችም ከማዕበል ይጠብቀናል ብለው ይዘውት ይጓዙ ነበር ይባላል። ከብየዳ እሳት ግን ራሱንም አያድንም። ድንገተኛ ሙቀት በውስጡ የቋጠረውን ፈሳሽ ሲያሰፋው ድንጋዩ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አይድንም፤ ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ድንጋዮች ሊወጡለት ይችላሉ። በሚቀጥለው ጥገና ወርቅ ሠሪው እሳቱን ከመለኮሱ በፊት ድንጋዩን ከማቀፊያው እንዲያወጣው ይጠይቁ።