የድሮ ድራም አልጠብቅ ሲል

ቆዳውን የሚወጥረው ቡሎን ይዞራል፣ ቆዳው ግን አይጠብቅም። ከሁሉም በላይ የሚመጣብኝ ጣጣ ይሄ ነው። ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ከበሮ ቢሆን ልክ ናቸው፤ የክረምት እርጥበት ያላላው ቆዳ ሲሞቅ ይጠብቃል። የድራም ቆዳ ግን ፕላስቲክ ነው። ፀሐዩ የሚጎዳው በርሜሉ ላይ የተለጠፈውን ጌጥ ነው፤ ይጨማደድና ይላጣል።

እውነተኛው ችግር የቡሎኑ ጥርስ ነው። የአብዛኛው ድራም ቡሎን ውፍረቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በአንድ ኢንች ላይ 24 ጥርስ አለው። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ «ይሄን የሚመስል» ካላችሁ ባለ 6 ሚሊ ይሰጧችኋል። በዓይን አይለይም። እኔም ተሸውጃለሁ። የጥር ሠርግ ነበር፣ ሰዓት የለም፣ በፒንሳ አስገደድኩት። ገባልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቶሙ (ከድራሞቹ አንዱ) እንደ ባዶ ጀሪካን መጮህ ጀመረ። ስፈታው ቡሎኑ የሚገባበት ዳዶ ውስጥ ጥርስ የሚባል ነገር የለም። የተላጠው ብረት እንደ ብናኝ እጄ ላይ ቀረ።

መፍትሄው፦ ቡሎኑ የሚገባበትን ጆሮ ከበርሜሉ ውስጥ በኩል ፍቱ። ብዙዎቹ ላይ ዳዶው ለብቻው ይወጣል። ዳዶውን ብቻ ቀይሩ፣ ጆሮውን አትጣሉ። ዋናው ዳዶ ካልተገኘ ደህናውን አንድ ቡሎን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱ፣ ከነሐስ ይሠሩላችኋል። አዲስ ቡሎን ሲመጣ በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ቁልፍ ከፈለገ የእናንተ አይደለም።

ጆሮው ራሱ ከተሰነጠቀ በያጅ ዘንድ አትውሰዱት። አብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ እሳት ሲነካው ይቀልጣል። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ፎቶ ብቻ አትላኩለት። ጆሮውን ከበርሜሉ ጋር በሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች መካከል ያለውን ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ለክታችሁ ጻፉለት። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የጃፓን ድራሞች ላይ ደግሞ በባጁ (ስሙ በተጻፈበት ሰሌዳ) አትታለሉ። አንዱ ፋብሪካ በብዙ ስም ይሸጥ ስለነበር የሌላ ስም ያለው ድራም ጆሮ ልክክ ሊል ይችላል።

ሌላ ጣጣ፦ ድራሙ ሳይመታ ይጮሃል። ጆሮው ውስጥ ሞላ (ስፕሪንግ) አለ። ፋብሪካው የጠቀጠቀለት ጨርቅ በስብሶ ሞላው ይጮሃል። ትንሽ ጥጥ ጠቅጥቁበት፣ አለቀ።

አዲስ ቆዳ አልገባ አለ። መጀመሪያ የጌጡ መጋጠሚያ ተነስቶ እንደሆነ እዩ። ፕሪሚየር የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ድራም ከሆነ ግን በርሜሉ ራሱ ከዛሬው ልክ ትንሽ ይሰፋል። እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቁት! ለዚያ ልክ የሚሠራ ቆዳ አለ፤ እሱ እስኪመጣ የድሮውን አትጣሉ።

ቆዳውን የሚይዘው ቀለበት ዛገ። የምግብ ፎይል ውኃ ነክራችሁ በቀስታ እሹት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት።